የሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ የወለሉ ማፍሰሻ ለምን ያጉረመርማል? የቬንት ቧንቧ አሠራርና አገጣጠም

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ልደታም ሆነ አራት ኪሎ ጓሮ ባለ ሰርቪስ ቤት፣ ቅሬታው አንድ ነው። የሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ የወለሉ ማፍሰሻ ያጉረመርማል፤ ማታ ማታ መታጠቢያ ቤቱ ይሸታል። ባለቤቱ በረኪና ያፈሳል፣ ዕጣን ያጨሳል፣ ሲብስበት ማፍሰሻውን በፌስታል ሸፍኖ ድንጋይ ይጭንበታል። በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ሠራተኛውም ግቢ ወጥቶ ሴፕቲክ ታንኩ ላይ አንድ 110 (ሚ.ሜ) ቧንቧ ያቆምና «ይኸው የሽታ ማውጫ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ማጉረምረሙ ግን እንዳለ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የሽታ ማውጫ» ስለሚባል ሽታው ካለበት ቦታ ይተከላል። የቬንት ዋና ሥራ ግን ወደ ፍሳሽ መስመሩ አየር ማስገባት ነው። ሽታውን የሚያግደው በሲፎኑ (ከማፍሰሻው ሥር ሁልጊዜ ውሃ በሚይዘው ክፍል) ውስጥ የቆመው ውሃ ሲሆን ቬንቱ ያንን ውሃ ከመሳብ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቦታው ከሲፎኑ አጠገብ ነው እንጂ ከጉድጓዱ ላይ አይደለም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ሙሉ የ20 ሊትር ጀሪካን አፉን ወደ ታች ቢደፉት ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ እየተናነቀ ነው የሚወጣው። በየመሃሉ አየር በዚያው አፍ ይገባል። ጀርባውን በምስማር ቢበሱት ውሃው ድምፁን አጥፍቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቬንት ማለት ያ የምስማር ቀዳዳ ነው።

ከሽንት ቤት የሚለቀቀው 6 ወይም 9 ሊትር ውሃ ቧንቧውን ሞልቶ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ያለውን ይስባል። ለሚስበው አየር መግቢያ ካልተተወለት በቅርብ ካገኘው ሲፎን ውስጥ ውሃውን ሰንጥቆ ይስባል። የሚሰሙት ማጉረምረም ይኸው ነው፤ አየር በሲፎኑ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ውሃው አልቆ የጉድጓዱ አየር በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል።

በደንብ የተሠራ ሲፎን ቢያንስ 5 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው ውሃ ይይዛል። ይህ ውሃ የሚቋቋመው የግፊት ልዩነት 500 ፓስካል ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76,000 ፓስካል አካባቢ በመሆኑ፣ ሲፎኑን ለማሸነፍ ከመቶ አንድ እጅ ያልሞላ ለውጥ ይበቃል ማለት ነው። ትንሽ የሚመስል ቬንት ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ

ወለል ከመስበርዎ በፊት የማፍሰሻውን ወንፊት ያንሱ። በከተማው በብዛት የሚሸጠው የወለል ማፍሰሻ ከሥሩ የተደፋ ኩባያ የመሰለ ነገር አለው። ብዙ ሰው «ውሃ ያዘገያል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ያ ኩባያ ግን ራሱ ሲፎኑ ነው! ከሌለ ጉድጓዱና መኝታ ቤትዎ በአንድ ቧንቧ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ማንኛውም ቬንት አይረዳዎትም። ኩባያው ቢኖርም ብዙዎቹ የሚይዙት ውሃ ከ2 ሴ.ሜ አይበልጥም፤ በጥቂት ስበት ይለቃል። ወለሉ ለሌላ ሥራ የሚከፈት ከሆነ ከሥሩ ባለ 5 ሴ.ሜ ጎባጣ ሲፎን ያስገቡለት።

ኩባያው በቦታው ካለ ወይም ከሥሩ ጎባጣ ሲፎን ካለ በድምፁ ጊዜ ይለዩ።

ሌላ ቦታ ውሃ ሲለቀቅ የሚያጉረመርም ከሆነ መስመሩ አየር አጥቷል፤ ቬንት ያስፈልጋል።

የእጅ መታጠቢያው የራሱ ውሃ ሊያልቅ ሲል ብቻ «ስስስርርክ» ብሎ ከጨረሰ ሲፎኑ ራሱን በራሱ እየሳበ ነው። ምክንያቱ ወይ ከሲፎኑ ወጥቶ ወዲያው ቁልቁል የሚወርድ የኤስ ቅርጽ ነው፣ ወይ ቧንቧው ከመጠን በላይ ዘቅዝቋል።

ምድር ቤት ያለው ማፍሰሻ ውሃ ወደ ላይ የሚተፋ ወይም አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ከላይ የሚወርደው ውሃ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ነው፤ ካልሆነም ከታች የተደፈነ ነገር አለ። የደፈነውን ነገር አስቀድመው ያስወግዱ። የተደፈነ መስመር ቬንት ቢጨመርለትም ያው የተደፈነ ነው።

ድምፅ ሳይኖር ሽታ ብቻ ካለ፣ በተለይ ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ከከረመ፣ ውሃው ተኖ አልቋል። በበጋ ይህ ይብሳል። 2 ሊትር ውሃ ያፍስሱ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምሩ፤ ትነቱን ያዘገየዋል። ውሃ ሞልቶም ወዲያው የሚሸት ከሆነ ግን የሽንት ቤቱ ሳህን ከወለሉ ጋር የተገናኘበትን መጋጠሚያ ይመርምሩ።

እርግጠኛ ለመሆን ይለኩ። በማፍሰሻው ውስጥ የስልክ ባትሪ አብርተው ውሃው የደረሰበትን ቦታ በቀጭን እንጨት ላይ ምልክት ያድርጉ። ሽንት ቤቱን በላይ በላዩ 3 ጊዜ ይልቀቁና እንደገና ይለኩ። ውሃው ሲፎኑ ከሚይዘው ከግማሽ በላይ (በባለ 5 ሴ.ሜው ከ2.5 ሴ.ሜ በላይ) ከወረደ ቬንት ይጎድላል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ መስመሩ ይተነፍሳል፤ ገንዘብዎን ለሌላ ያውሉት።

ስለ ባልዲ አንድ ነገር። ብዙ የሽንት ቤት ሳህን ሆን ተብሎ ራሱን እንዲስብ የተሠራ ነው። ከተሳበ በኋላ የላይኛው ጋን በቀጭኑ ውሃ እያንቆረቆረ ሳህኑን መልሶ ይሞላዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በባልዲ ሲለቀቅ ግን መልሶ የሚሞላው የለም። ባልዲውን ከደፉ በኋላ 1 ጣሳ ውሃ በዝግታ ሳህኑ ውስጥ፣ 1 ጣሳ ደግሞ የወለሉ ማፍሰሻ ውስጥ ይጨምሩ። በብዙ ቤት ሽታው በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

ወለል ሳይሰበር ቬንት መግጠም

እዚህ የምናሳየው በማዕከላዊ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ዓይነት ነው፦ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ምድር ላይ ያለ አንድ መታጠቢያ ቤት፤ ሽንት ቤቱ በ110 ቧንቧ ወደ ማንሆል (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓድ) የሚወጣ፣ የእጅ መታጠቢያውና የወለሉ ማፍሰሻ ደግሞ በአንድ 50 ቧንቧ ተቀላቅለው 110ሩ ውስጥ የሚገቡ። በዚህ አሠራር ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ በግድግዳ ውስጥ ከወለል የሚነሳ 50 ቧንቧ አለ፤ ጫፉ ላይ ኤልቦ (የክርን ቅርጽ ያለው ማጠፊያ) ተደርጎለት የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ይቀበላል። ቁልፉ ያ ኤልቦ ነው። ኤልቦው ወጥቶ በቦታው ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) ይገባል፤ የቲው ታች የነበረውን ቧንቧ ይይዛል፣ ጎኑ የእጅ መታጠቢያውን ይቀበላል፣ አናቱ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ቬንት ይሆናል። አየሩ በዚያው በእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ወርዶ የወለሉን ማፍሰሻም ያገለግላል።

የሚያስፈልገው፦ 50 ሚ.ሜ የፍሳሽ ፒቪሲ 1 ባለ 6 ሜትር፤ 50 ቲ 1፣ የጎን ክንዱ ወደ ታች የተጠማዘዘ ዓይነት፤ የ45 ዲግሪ 50 ኤልቦ 2፤ 50 መቀጠያ 1፤ ክላምፕ ከነፊሸሩ 4፤ የፒቪሲ ማስቲሽ 1 ትንሽ ቆርቆሮ፤ ሲሊኮን 1 ቱቦ፤ 40 በ40 ሴ.ሜ የሆነ ላሜራ፤ አንድ መዳፍ የሚያህል የሽቦ ወንፊት። ከመሣሪያ የብረት መጋዝ፣ መሮና መዶሻ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ቧንቧ ሲገዙ ግድግዳው የሳሳውን፣ በእጅ ሲጫኑት የሚጎብጠውን ይተዉ። ቬንት ውሃ ስለማይሸከም ስስ ይበቃዋል የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ፀሐይና በረዶ የሚመታው እሱ መሆኑን ይንገሩት።

1. ውሃውን ይዝጉ፣ የእጅ መታጠቢያውን ሲፎን ይፍቱ፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ኤልቦ እስኪታይ ይፈልፍሉ። ብሎኬት ከሆነ ከኤልቦው ወደ ላይ 7 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቦይ ያውጡ። ኮለን (የቤቱ የኮንክሪት ምሰሶ) ከሆነ አይንኩት። ጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩን እንዳይቆርጡ፤ እዚያ ቲውን ብቻ ግድግዳ ውስጥ አስገብተው ቬንቱን በውጪ ግድግዳ ቢያወጡት ይሻላል።

2. ኤልቦውን ከሥሩ በመጋዝ ይቁረጡ፤ ቁርጡ ቀጥ ያለ ይሁን። ሽርፍራፊው ወደ ታች እንዳይገባ አስቀድመው ቧንቧው ውስጥ ክር የታሰረበት ጨርቅ ይወትፉ። (ክር ያላሰሩት ጨርቅ ቁልቁል ሄዶ አዲስ ሥራ ይፈጥራል።)

3. ሁሉንም ሳይለጥፉ ያገጣጥሙና ምልክት ያድርጉ። የቲው ጎን ቁመት ከሲፎኑ መውጫ ጋር ይስማማ። ከሲፎኑ እስከ ቲው ያለው ቧንቧ በ1 ሜትር 2 ሴ.ሜ ብቻ ይዝቀዝቅ። ርዝመቱ በ32 ሚ.ሜ ቧንቧ ከ1.5 ሜትር፣ በ40 ከ1.8፣ በ50 ከ2.4 ሜትር አይለፍ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዝቅዝቃቱ ተደምሮ ከቧንቧው ወርድ ከበለጠ ቬንቱ የተነሳበት ቦታ ከሲፎኑ ውሃ በታች ይሆንና ሲፎኑ ራሱን መሳብ ይጀምራል። እዚህ ቦታ ላይ በቲ ፈንታ የ45 ዲግሪ ዋይ (ጎኑ በሰያፍ የሚወጣ ማያያዣ) ማስገባትም ይኸንኑ ጥፋት ያመጣል። ዋይ ለጋደመ መስመር ጥሩ ነው፤ ከሲፎን ወደ ቆመ ቧንቧ ለሚገባ ግን አይሆንም።

4. ጨርቁን በክሩ ስበው ያውጡ። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርገው ይጥረጉ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ወገን ይቀቡ፣ ሩብ ዙር እያዞሩ እስከ ውስጥ ያስገቡና ለ30 ሴኮንድ ይያዙ። ማያያዣው የጎማ ቀለበት ያለው ከሆነ ማስቲሽ አይቀቡ፤ ሳሙና ይበቃዋል። ውሃ ከመልቀቅዎ በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት ይጠብቁ፤ በሐምሌ ቅዝቃዜ ደግሞ ያድሩ።

5. ቬንቱን ቀጥ አድርገው ያውጡ። ወደ ጎን ማዞር ግድ ከሆነ ከእጅ መታጠቢያው አፍ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ከፍ ካለ በኋላ ይሁን፤ ማለትም ከወለል 1 ሜትር አካባቢ። ከዚያ በታች ከዞረ መስመሩ በተደፈነ ቀን ቆሻሻው ቬንቱ ውስጥ ይተኛና ደርቆ ይዘጋዋል፤ እርስዎም ሳያውቁት ዓመት ይከርማል። ማዞሪያው በሁለት 45 ኤልቦ ይሁን፣ ወደ ኋላ በ1 ሜትር 1 ሴ.ሜ ይዝቀዝቅ፤ የሚጤዘውም ሆነ የሚገባው ዝናብ ተመልሶ ይወርዳል። ክላምፑ በየ1.2 ሜትሩ ይታሰር።

የእጅ መታጠቢያው ውሃ በተጣጣፊ ቱቦ ወርዶ የወለሉ ማፍሰሻ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ የሚያገኙት ቧንቧ የለም። ያን ጊዜ 110ሩ ከቤቱ እንደወጣ፣ ለግድግዳው በጣም ቀርቦ ይቆፍሩና 110 በ50 ዋይ ያስገቡ። ከጋደመ ቧንቧ የሚነሳ ቬንት ወደ ላይ ይመልከት፤ ቢያንስ 45 ዲግሪ ቀና ይበል። በጎኑ ተኝቶ ከተነሳ ሁልጊዜ ቆሻሻ ይገባዋል። ይህ ግን ከፊል መፍትሔ ነው፤ ውሃው ከቤት እስኪወጣ ድረስ ስበቱ አይቀርም።

ስለ ስፋት፦ ቬንት ከሚያገለግለው ቧንቧ ግማሽ ገደማ (ለ110 ቧንቧ 50) አያንስ፣ ከ32 ሚ.ሜም አይውረድ። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ካለፈ አንድ ደረጃ ያስፉት። ከዚህ ሌላ በቤቱ ቢያንስ አንድ ሰፊ መስመር እስከ ጣሪያ ክፍት ሆኖ መውጣት አለበት።

ጣሪያው ላይ

በክረምት የሚያስለቅሰው ክፍል ይኸኛው ነው። ቆርቆሮውን ሲበሱ ከፍ ባለው ጎርባጣ ላይ ይብሱ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይብሱ። ላሜራውን መሃሉን ለቧንቧው ቀደው ያልብሱት፤ የላይኛው ጠርዝ ከበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ጠርዝ ከበታቹ ካለው ቆርቆሮ በላይ ይረፍ። ሲሊኮን ረዳት ነው፤ ሁሉን በሲሊኮን የሚደፍን ሠራተኛ በሚቀጥለው ሰኔ ተመልሶ ይጠራል።

ቧንቧው ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ይውጣ። በመሃል ከተማ ግን ጎረቤት ቅርብ ነው፦ በ3 ሜትር ክልል ውስጥ መስኮት ካለ፣ የእርስዎም ይሁን የጎረቤት፣ ከመስኮቱ አናት 90 ሴ.ሜ ከፍ ይበል። ጣሪያው ልብስ የሚሰጣበት ሶሌታ ከሆነ 2.1 ሜትር ያድርጉት። አፉ ወደ ላይ ክፍት ይሁን፤ የሚገባው ዝናብ ምንም አያመጣም። እርግብ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ይሰሩበት፤ የወባ ትንኝ መከላከያ መረብ ግን በአቧራና በሸረሪት ድር ስለሚደፈን አይሆንም። ፒቪሲው በፀሐይ እንዳይሰባበር የሚታየውን ክፍል ነጭ የውሃ ቀለም ይቀቡት።

ቬንቱን ኮርኒስ ውስጥ ማስቀረት ትልቁ ስንፍና ነው። ከታች ስለማይታይ ደህና ይመስላል፤ ጋዙ ግን ኮርኒሱን ሞልቶ በአምፖሉ ቀዳዳ መኝታ ቤት ይገባል። ከመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ወይም ከወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ጋር ማገናኘትም ያው ነው። አሸንዳ ደግሞ ፈጽሞ ከቬንትም ከፍሳሽ መስመርም ጋር አይገናኝ፤ አንድ የሐምሌ ዶፍ መስመሩን ሞልቶ ሲፎኖቹን ሁሉ ወደ ላይ ያስተፋል።

ኮንዶሚኒየምና ፎቅ

ጂ+4 ላይ ሁሉንም ቤት የሚያገለግለው የቆመ 110 የጋራ ስለሆነ በራስዎ አይቆርጡትም። ጣሪያ ላይ ወጥተው አፉን ማየት ግን ይችላሉ፤ በሲሚንቶ ተደፍኖ ወይም የሮቶ መቆሚያ ሲሠራ ተሸፍኖ ከሆነ የአምስቱ ፎቅ ማጉረምረም ምክንያት እዚያው ተገኘ። ኮሚቴውን ይዘው ያስከፍቱት።

በራስዎ ቤት ውስጥ ማድረግ የሚችሉት አየር የሚያስገባ፣ የማያስወጣ ቫልቭ መግጠም ነው። ሱቅ ሄደው ልክ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፣ ከመክፈልዎ በፊትም ይሞክሩት፦ አዲሱን ቫልቭ ከሥሩ ሲነፉበት ይዝጋ፣ ሲስቡት ይክፈት። ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በእጅ የሚደረስበትና አየር ያለበት ቦታ ይሁን እንጂ በሴራሚክ አይታሸግ። ስበትን ያስታግሳል፤ ከታች ለሚመጣ ግፊት ግን ዝግ ስለሆነ የምድር ቤቱን መትፋት አያድንም። ሕንፃውም ጣሪያ ላይ የተከፈተ ቬንት ከሌለው ብቻውን አይበቃም።

የምድር ቤቱ መትፋት የሚመነጨው የቆመው ቧንቧ ወደ ጋደመው ከሚዞርበት ቦታ ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አየሩ ይታፈናል። እስከ 3 ፎቅ ባለው ቤት ማንኛውም ቅርንጫፍ ከዚያ መዞሪያ ግርጌ 45 ሴ.ሜ፣ እስከ 5 ፎቅ ባለው ደግሞ 75 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ብሎ ይግባ። መዞሪያው በአንድ 90 ኤልቦ ሳይሆን በሁለት 45 ይሁን። ምድር ቤቱን ለብቻው ወደ ማንሆል ማስወጣት ከሁሉም ይበልጣል።

ጉድጓዱ ላይ ያለውስ ቧንቧ?

ሴፕቲክ ታንኩ ላይ የቆመውን 110 አይንቀሉት፤ ለታንኩ ጋዝ ያገለግላል። አፉ ከሰው አፍንጫ በላይ ይሁን፤ በወገብ ቁመት ተቆርጦ በረንዳ ፊት የቆመ ብዙ አለ። ታንኩ ወይም ማንሆሉ ሲከፈት ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይድረስ፤ ሚቴን ይቀጣጠላል። ማንም ወደ ውስጥ አይግባ፣ አንገቱንም አያስገባ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን አደንዝዞ ሽታው የጠፋ ያስመስላል፣ ቀጥሎ ሰውየውን ይጥላል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የሞቱት እንዲህ ነው።

ሲጨርሱ መሞከር

ሲፎኖቹን ሁሉ በውሃ ይሙሉ። መጀመሪያ ላይ የለኩበትን ያንኑ እንጨት ይዘው ሽንት ቤቱን 3 ጊዜ በተከታታይ ይልቀቁ፣ የእጅ መታጠቢያውንም ሞልተው በአንድ ጊዜ ያፍስሱ። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ከቬንቱ አፍ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ይያዝ፤ ውሃው ሲለቀቅ ሶፍቱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ከተሳበና ማፍሰሻው ዝም ካለ ቦዩን በልስን ይዝጉ፤ ከዚያ በፊት አይዝጉ። ሶፍቱ ካልተንቀሳቀሰ ክር የታሰረበት ጨርቅ አሁንም ቧንቧው ውስጥ ነው ወይም ቬንቱ የተቀጠለው ከሞተ ቧንቧ ነው። ሶፍቱ ተስቦም ማፍሰሻው ካጉረመረመ ደግሞ ማንሆሉን ከፍተው ውሃው ተኝቶ እንደሆነ ይመልከቱ።